አዲሱ ስኳየር ይሻለኛል ወይስ ያገለገለው ያማሃ?

የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፣ ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጠው፦

«ሰላም ጋሼ፣ ቤዝ ጊታር ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። እስካሁን ምለማመደው በጓደኛዬ ቤዝ ነበር፣ አሁን ግን ራሱ ሊጫወትበት ስለሆነ መልሺልኝ ብሎኛል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ አንድ ቤዝ ብቻ ነው ሚገዛው። አንደኛው ምርጫዬ አዲስ ስኳየር አፊኒቲ ጃዝ ቤዝ ነው፣ እሱን ከገዛሁ ሰባራ ሳንቲም አይተርፈኝም። ሁለተኛው ያገለገለ ያማሃ ቲአርቢኤክስ 304 ነው፣ ባለቤቱ ብዙም አልተጫወትኩበትም ይላል፣ ዋጋው ካለኝ ሁለት ሦስተኛውን ነው ሚወስደው። አምፕ (የድምፅ ማጉያ) የለኝም። እጄ ትንሽ ናት፣ ቶሎ ይደክመኛል። የባንዳችን ጊታሪስት ፓሲቭ የጀማሪ ነው አክቲቭ ግዢ ይለኛል፣ ወንድሜ ደግሞ የሰው እቃ አትግዢ፣ ችግሩን ነው ሚሸጥልሽ ይለኛል። ስኳየሩ ደግሞ ቀለሙ በጣም ያምራል። ምን ላርግ? ባለ ሁለት ልብ ነኝ።»

ሰላም እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ፣ በተውሶ ቤዝ ስምንት ወር መጽናት ቀላል አይደለም፣ ብዙ ሰው የራሱን ገዝቶ እንኳን ሁለተኛው ወር ላይ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። መልሱን እታች ደብቄ አላጓጓሽም፣ ያማሃውን ሄደሽ እዪው፣ ከታች ምልሽን ሁሉ ፈትሸሽ ጤነኛ ከሆነ እሱን ግዢ። ጤነኛ ካልሆነ ጥለሽው ውጪ፣ ስኳየሩንም ግን በዛው ቀን በንዴት ሮጠሽ እንዳትገዢ፣ ትንሽ ጨምረሽ ነው ምትገዢው። ይሄን ስል ያማሃ ከስኳየር ይበልጣል ማለቴ አይደለም፣ ሁለቱም መድረክ ላይ ይዘሽው ብትወጪ ማያሳፍሩ ቤዞች ናቸው። እኔን ያሳመነኝ ያማሃውን ስትገዢ ሚተርፍሽ አንድ ሦስተኛው ነው።

እስቲ አስቢው፣ ስኳየሩን ባለሽ ገንዘብ በሙሉ ገዝተሽ ቤት ገባሽ። ኬብል የለ፣ ማንገቻ የለ፣ አምፕ የለ። ኤሌክትሪክ ቤዝ አካሉ ድፍን እንጨት ስለሆነ ካልተሰካ ድምፁ ለራስሽ ጆሮ እንኳን በግድ ነው ሚደርሰው፣ በተለይ ወፍራሙ ክር። እና ሰው ምን ያደርጋል፣ እንዲሰማው ብሎ በቀኝ እጁ ክሩን እየጎተተ ይመታል፣ በግራ እጁ ደግሞ አንገቱን አንቆ ይይዛል፣ ይሄ ሁለት ሦስት ወር ከቆየ ልማድ ይሆንና ባንድ ውስጥ ተሰክቶ ሲጫወት ክሩ ከፍሬቱ፣ አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ማለት ነው፣ ጋር እየተጋጨ ዝዝ ይላል፣ አንዱ ኖታ ይጮሃል አንዱ ይጠፋል፣ እጁም በሦስተኛው ዘፈን ዝሏል። ቶሎ ይደክመኛል ያልሽው ነገር ግማሹ ከዚ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ፣ አሁን ራሱ ያለ አምፕ ነው አይደል ምትለማመጂው? አምፕ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይነካል፣ ጉልበቱን ለአምፑ ይተውለታል። ስለዚ አንደኛው ምርጫሽ ቤዝ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ቤዝ ከነመሰሚያው ነው፣ እኔ እንደዛ ነው ያየሁት።

አሁን ወደ ጊታሪስታችሁ ልምጣ፣ ጊታሪስቶች ስለ ቤዝ መምከር ይወዳሉ መቼስ። ፓሲቭ የጀማሪ አክቲቭ የፕሮፌሽናል ሚባል ነገር የለም። ፓሲቭ ማለት ፒክአፑ፣ ክሩ ስር ያለው የማግኔት ድምፅ ማንሻ፣ ያነሳው ድምፅ በቮልዩሙና በቶኑ በኩል አልፎ ቀጥታ ወደ ኬብሉ ይወጣል ማለት ነው፣ ባትሪ የለ ምን የለ፣ ቶኑን ስትዘጊው ቀጭን ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል እንጂ ከሌለበት ምንም አይጨምርም። አክቲቩ ግን ውስጡ በባትሪ ምትሠራ ትንሽ ፕሪአምፕ (ድምፁን ቀድማ ምታጎላ) አለችው፣ በሷ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ መቀነስም መጨመርም ትችያለሽ። ጥቅም ነው፣ አልክድም፣ ረጅም ኬብል ስትጠቀሚ ድምፁ እንዳይደበዝዝ ያግዛል፣ ማታውቂው አምፕ ላይ ሲሰኩሽ ደግሞ እዛው ደረትሽ ላይ ባሉት ቁልፎች ታስተካክያለሽ። ጣጣው ባትሪው ነው። 304 ላይ ወደ ፓሲቭ መመለሻ ስዊች የለውም፣ ባትሪው ሞተ ማለት ቤዙ ሞተ ማለት ነው፣ መጀመሪያ ድምፁ ይሳሳል ከዛ መሰነጣጠቅ ይጀምራል ከዛ ጸጥ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይሄ ሚሆነው ሰው ፊት ነው። መላው ቀላል ነው፣ የቦርሳሽ ኪስ ውስጥ አንድ ትርፍ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሁሌ ይቀመጥ፣ ተጫውተሽ ስትጨርሺ ደግሞ ኬብሉን ከቤዙ ንቀዪው። አክቲቭ ቤዝ ላይ ማብሪያ ማጥፊያው ጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ራሱ ነው፣ ኬብሉ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ሲበላ ነው ሚያድረው።

ለጊታሪስቱ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ፣ ቤዚስቱ ጄምስ ጀመርሰን በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከአሜሪካው የሙዚቃ ኩባንያ ከሞታውን የወጡትን ስንትና ስንት ዘፈኖች በአብዛኛው የተጫወተው በአንድ የ1962 ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ ነው። አንድ ፒክአፕ፣ አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶን፣ በቃ። ቀኝ እጁ በአንድ ጣት ነበር ሚሠራው፣ ክሩንም ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል። የሌላው ስመጥር ቤዚስት የጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሬት አልባ ጃዝ ቤዝም ፓሲቭ ነው። እነዚን ጀማሪ ብሎ ከጠራቸው እኔ ምለው የለኝም።

እንግዲ የሁለቱን ቤዞች ጠባይ። ስኳየሩ ፌንደር በ1960 ያወጣው የጃዝ ቤዝ ዲዛይን ርካሹ ስሪት ነው፣ ሁለት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፕ አለው፣ ለያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቮልዩም፣ ከዛ ለሁለቱም አንድ ቶን። ሁለቱን እኩል ስትከፍቺያቸው ኸምምም ሚለውን ጫጫታ እርስ በርስ ያጠፋፉታል፣ አንዱን ብቻ ስትተዪ ግን ጫጫታው ይመጣል፣ በተለይ ፍሎረሰንት መብራት ወይ መብራት ማደብዘዣ ያለበት ክፍል ውስጥ። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሲንግል ኮይል እንደዛ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ወደ ድልድዩ (ክሮቹ አካሉ ላይ ሚታሰሩበት ብረት) ያለውን ፒክአፕ ስታበዢ መሀለኛው ድምፅ ፊት ይወጣና እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል፣ እኔ በግሌ ይሄን ድምፅ በጣም ነው ምወደው። ያማሃው ሁለት ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ሽቦ ፒክአፕ) ነው ያለው፣ ጫጫታ የለም፣ ድምፁ ወፈርና ጠንከር ይላል። ስላፕ፣ ፒክ፣ ፍላት፣ ፊንገር፣ ሶሎ ሚሉ አምስት ቦታ ያሏት ስዊችም አለችው፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያው ሰሞን ሲያዟዙራት ይከርምና ከዛ አንዱ ላይ ትቷት ይረሳታል። አንቺም ፍላት ላይ አድርጊያትና ጆሮሽን መጀመሪያ እዛ ላይ አሠልጥኚ። ስላፕ ሚለው ቤት ውስጥ ብቻሽን ስትሰሚው ያማልላል፣ ወፍራሙም ቀጭኑም ከፍ ብሎ መሀሉ ስለሚቀንስ ነው፣ ከባንድ ጋር ስትጫወቺ ግን ወፍራሙን የድራሙ ትልቁ ከበሮ ይወስደዋል ቀጭኑን ሲምባሉና ጊታሩ ይወስደዋል፣ አንቺ መሀል ላይ ምንም ስላልተውሽ የለሽም። ቤዝ አልሰማ አለ ሲሉሽ ቮልዩም ከመጨመርሽ በፊት መሀሉን መልሺ። ስለ ፍሬት ብዛት ደግሞ፣ ያማሃው 24 ስኳየሩ 20 ነው፣ ግን እዛ ላይ ስንቴ ትወጫለሽ ብለሽ ነው፣ ለሱ ብለሽ አትምረጪ።

ወደ እጅሽ እንምጣ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ከምንም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሁለቱም ቤዞች የክራቸው ርዝመት 34 ኢንች ነው፣ ወደ 86.4 ሴንቲሜትር ማለት ነው፣ ስለዚ ጣት መዘርጋቱ ላይ አንዱ ካንዱ ምንም አይለይም። በዚ ርዝመት ከአንገቱ ጫፍ፣ ክሮቹ ወደ መቃኛ ቁልፎቹ ከሚያልፉበት፣ እስከ መጀመሪያው ፍሬት 4.8 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ከ5ኛው ወደ 6ኛው ግን 3.6 አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ ብዙ ነው። ትንሽ እጅ ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ አራት ጣቱን ለአራት ፍሬት አራርቆ ሊዘረጋ ሲታገል ነው እጁ ሚጎዳው። እታች ስትሆኚ አራት ፍሬት በአራት ጣት ሚለውን ተይው፣ ጠቋሚ፣ መሀል፣ ከዛ ቀለበት ጣትና ትንሿን አንድ ላይ አድርገሽ ሦስት ፍሬት ብቻ ያዢ፣ ለቀረው እጅሽ ራሱ ይንሸራተት፣ ትልቁን ቤዝ ቆመው ሚጫወቱት ሰዎች ከጥንትም እንደዚ ነው ሚያደርጉት። ከ5ኛው በላይ ስትወጪ አራቱንም ጣት ተጠቀሚ። አውራ ጣትሽ ከአንገቱ ጀርባ መሀል ላይ ዘና ብሎ ይቀመጥ፣ ማንገቻው ደግሞ ያጥር፣ ቁጭ ስትዪም ስትቆሚም ቤዙ እዛው ቦታ እንዲሆን። ጉልበት ላይ ተንጠልጥሎ ያምራል፣ አንጓሽ ግን ይታጠፋል፣ ከዛ ነው ህመሙ ሚጀምረው።

የአንገት ስፋት ላይ ጃዝ ቤዝ ስሙ የወጣለት ነው፣ ጫፉ ላይ 38 ሚሊሜትር ነው፣ ከፕሪሲዥን በግልፅ ይጠባል። ያማሃውም ቀጠን ያለ አንገት ነው ያለው። ሁለቱንም ይዘሽ ሞክሪያቸው፣ ግን ለሁለት ደቂቃ አይደለም፣ በማንገቻ አንግተሽ ቆመሽ ሩብ ሰዓት ያህል ተጫወቺ። ከዛ ግራ እጅሽን ከአንገቱ ላይ አንሺና ቤዙ ራሱ ወደ መሬት ይደፋ እንደሆነ እዪ፣ ሚደፋ ከሆነ ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር እጅሽ አንገቱን ሲሸከም ነበር ማለት ነው፣ ለትንሽ እጅ ይሄ ከአንገት ስፋትም ይብሳል። ክብደቱም እንደዛው፣ አራት ኪሎ አካባቢ ጥሩ ነው፣ ከአራት ተኩል ካለፈ ትከሻሽ ይነግርሻል። ሁለቱንም ይዘሽ አንጓሽን ካመመሽ ግን ሁለቱንም ተያቸው፣ ባለ 30 ኢንች ሾርት ስኬል ሚባሉ አሉ፣ የልጅ መጫወቻ አይደሉም፣ የታወቁ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጫውተውባቸዋል።

አሁን ወንድምሽ። ያለው ነገር ከንቱ አይደለም፣ ችግሩን ሚሸጥ ሰው አለ። ግን ቤዝ መኪና አይደለም፣ ውስጡ ሚደበቅ ሞተር የለም፣ ችግሩ ሁሉ ላዩ ላይ ነው ያለው፣ ምን እንደምታዪ ካወቅሽ ግማሽ ሰዓት ይበቃሻል። ስትሄጂ የራስሽን ኬብል፣ አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ስልክሽ ላይ መቃኛ አፕ፣ እና አንድ ቢዝነስ ካርድ ያዢ። ባትሪውን የያዝሽው ሰውዬው ድምፁ ሲቆራረጥ «ባትሪው ደክሞ ነው» እንዳይልሽ ነው። አምፕ እንዳለው አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ከሌለው አምፕ ያለበት ቦታ ተቀጣጠሩ፣ ሳይሰካ ቤዝ አይገዛም።

መጀመሪያ አንገቱን። ቤዙን ቃኚው፣ ሳይቃኝ ምታዪው ነገር ሁሉ ውሸት ነው ምክንያቱም አንገቱን ሚስበው የክሩ ውጥረት ነው። ከዛ ከመጨረሻው ጫፍ ላይ አይንሽን አድርገሽ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረሽ እዪው፣ ሁለቱ ጠርዞች አብረው መሄድ አለባቸው፣ አንዱ ጎን ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ከተጣመመ ተጠማዟል ማለት ነው፣ እሱን ማንም በቀላሉ አያቃናልሽም፣ አመስግነሽ ውጪ። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅሽ አንደኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው ደግሞ አንገቱ ከአካሉ ሚገናኝበት አካባቢ ያለው ፍሬት ላይ ተጫኚው፣ መሀል ላይ 7ኛውና 8ኛው አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሀል ቀጭን ክፍተት ይታይሻል፣ ቢዝነስ ካርዷ ጠበብ ብላ ካለፈች፣ 0.3 ሚሊሜትር አካባቢ ማለት ነው፣ በጣም ጥሩ። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ወይ ጭራሽ ከሌለ አይዞሽ፣ አንገቱ ውስጥ ትራስ ሮድ ሚባል ብረት አለ፣ በብሩጎላ ቁልፍ ነው ሚስተካከለው። ዋናው ጥያቄ ያ ብረት ይሠራል ወይ ነው። ሰውዬውን አስፈቅደሽ ራሱ ወደ ማላላቱ ሩብ ዙር ያዙረው፣ ከዛ ይመልሰው። ብሎኑ ጥርሱ ተበልቶ ዝም ብሎ ሚሽከረከር ከሆነ ወይ ንቅንቅ ካላለ ያ ቤዝ በነፃም ውድ ነው። ላስነካው አልችልም ካለሽ መብቱ ነው፣ ያንቺም መብት አለመግዛት ነው።

ከዛ ፍሬቶቹ። እያንዳንዱን ክር እያንዳንዱ ፍሬት ላይ አንድ በአንድ ንኪው፣ አዎ አሰልቺ ነው፣ አራት ጊዜ 24 ነው፣ ግን አታቋርጪ። ምትፈልጊው ሁለት ነገር ነው፣ አንዱ ዝዝ ሚል ኖታ ሌላው ቶሎ ሚሞት ኖታ። ዝዝታው በሁሉም ቦታ ከሆነ ክሩ ዝቅ ብሎ ነው፣ ይስተካከላል። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ያ ፍሬት ተነስቷል ወይ ጎረቤቱ ተበልቷል፣ እሱ ለባለሙያ ነው ሚሄደው፣ ዋጋ ላይ ተከራከሪበት። ቀጭኑ ክር ላይ ከ5ኛ እስከ 7ኛ ፍሬት አካባቢ ድምፁ ከሌላው ቀደም ብሎ ሚሞትበት ቦታ ካገኘሽ አትደንግጪ፣ ብዙ ቤዞች ላይ ያለ የእንጨቱ ጠባይ ነው፣ አዲስ ውድ ቤዝ ላይም ታገኚዋለሽ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ፍሬቶች ክሩን ወደ ጎን ገፋ አድርገሽ በብርሃን እያቸው፣ ክሩ ስር ቦይ ሠርቶ ከሆነ ብዙም አልተጫወትኩበትም ያለሽ ሰው ብዙ ተጫውቷል ማለት ነው። ለነገሩ በደንብ የተጫወቱበት ቤዝ መጥፎ ቤዝ አይደለም፣ ዋጋው ግን ብዙም ያልተጫወቱበት ዋጋ መሆን የለበትም።

ኤሌክትሪኩን ተሎ ትጨርሺዋለሽ። የራስሽን ባትሪ አስገቢ፣ ስትከፍቺው የባትሪ ሳጥኑ ውስጥ ነጭ ወይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ባትሪ አፍስሶበታል። ሰክተሽ ሁሉንም ቁልፎች ከጫፍ ጫፍ አዙሪ፣ ጭርጭር ሚል ካለ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፣ በስፕሬይ ይጸዳል። ስዊቿን አምስቱም ቦታ ላይ ሞክሪያት። ኬብሉን ጃኩ ላይ እንደተሰካ ነቅነቅ አድርጊው፣ ድምፁ ከጠፋ ተመለሰ ካለ ጃኩ ላልቷል ወይ ብየዳው ለቋል፣ ትንሽ ጥገና ነው ግን ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ሁለቱን ፒክአፖች በየተራ ብቻቸውን ስሚያቸው፣ አንዱ በጣም ከደከመ ጥያቄ አለ። በመጨረሻ አንገቱ የመቃኛ ቁልፎቹ ካሉበት ከጭንቅላቱ ጋር ሚገናኝበት ቦታ ጀርባውን በጥፍርሽ ዳሺው፣ ወድቆ ሚያውቅ ቤዝ ሚሰነጠቀው እዛ ነው። አካሉ ላይ ያለ ጭረትማ ምንም አይደል፣ እንደውም ጭረት ቢበዛው ደስ ይለኛል፣ ዋጋ ይቀንስልሻል፣ ድምፅ አይቀንስም።

ሰውዬው ለምን እንደሚሸጠው ጠይቂው፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን አመላለሱን ስሚ። ሴሪያል ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ከሱ ጋር ጉዳይ የለሽም። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው፣ ቀብድ ላኪልኝ» ካለሽ ቀብድ ማይላክለት ሰው እሱ ነው፣ ሳታዪው አንድም ነገር አትክፈዪ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፣ 304 ብዙ የተሸጠ ሞዴል ነው፣ ይሄ ቢያመልጥሽ ሌላ ይወጣል። ሲቻል ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ፣ ስለ ቤዝ ባያውቅም ተጠራጣሪ ሰው አጠገብ መቆሙ በዋጋው ላይ ይረዳሻል።

ያማሃውን ገዛሽ እንበል። የተረፈሽን እንዳትበትኚው፣ በቅደም ተከተል ነው ምታወጪው። ከሁሉ በፊት አዲስ ክርና ሴታፕ፣ ባለሙያ አንገቱንና የክሩን ከፍታ ሲያስተካክል ማለት ነው። ላዩ ላይ ያለው ክር መቼ እንደተቀየረ አታውቂም፣ የተለመደው ከ45 እስከ 105 ውፍረት ያለው ነው፣ ላንቺ ግን ከ40 እስከ 95 ወይ 100 ያለውን ሞክሪ፣ ለጣት ይቀላል። ክሩ ላላ ስለሚል አንገቱ እንደገና መስተካከል አለበት፣ ለዛ ነው ሁለቱን አብረሽ ምታሠሪው። ለባለሙያው እጄ ይደክመኛል ዝቅ አድርግልኝ በይው፣ 17ኛው ፍሬት ላይ የክሩ ከፍታ ወፍራሙ ጋ 2.4 ሚሊሜትር ቀጭኑ ጋ 2 አካባቢ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው፣ ቀስ ብለሽ ምትነኪ ከሆነ ከዛም ዝቅ ማለት ይችላል። ይሄን ያልተሠራለት ውድ ቤዝ ይሄ ከተሠራለት ርካሽ ቤዝ ይልቅ እጅ ይጎዳል፣ ሰው ግን ብራንድ ላይ ይጨቃጨቃል።

ቀጥሎ ደህና ኬብልና ሰፋ ያለ ማንገቻ፣ ከዛ ቤዙ ላይ ሚሰካ ትንሽ የሄድፎን አምፕ። ትልቅ አምፕ አሁን አያስፈልግሽም፣ ልምምድ ቦታ አምፕ ካለ በዛ ተጫወቺ፣ የቤት መለማመጃ ከፈለግሽ በኋላ 15 ወይ 25 ዋት ትገዢያለሽ፣ ከድራም ጋር ግን እሱ ይታፈናል፣ ለዛ ከ100 ዋት በላይ ነው ሚፈለገው። የጊታሪስቱን አምፕ ተውሼ እጫወታለሁ ካልሽ ቀስ ብለሽ ብቻ፣ የቤዝ ወፍራሙ ክር ክፍቱን 41 ኸርዝ ነው ሚርገበገበው፣ የጊታሩ ወፍራም ክር 82 ነው፣ የጊታር ስፒከር ለዛ ዝቅታ አልተሠራም፣ ከፍ አድርገሽ ከጮህሽበት ትበጥሺዋለሽ። ያኔ ምክሩን ብቻ ሳይሆን ስፒከሩንም ነው ምትመልሺለት።

ያማሃው ፈተናውን ከወደቀ ስኳየሩ አለ፣ መጥፎ ምርጫ አይደለም፣ ዋስትና አለው፣ ችግር ካለው ትመልሺዋለሽ፣ ይሄ ጥቅም ነው። ግን ለኬብል፣ ለማንገቻ፣ ለሄድፎን አምፕና ለሴታፕ ሚበቃ እስኪጠራቀም ታገሺ፣ አዲስ ቤዝም ሴታፕ ይፈልጋል፣ ከካርቶን ሲወጣ ክሩ ከፍ ብሎ ሚመጣው ብዙ ነው። ሱቅ ውስጥም ስትገዢ ከላይ ያልኩሽን የአንገትና የፍሬት ፍተሻ አድርጊ፣ የፍሬቶቹን ጫፍ ደግሞ በመዳፍሽ ከላይ እስከ ታች ዳሺው፣ ርካሽ አዲስ ቤዝ ላይ እዛ ጋ ነው ሚቧጥጥሽ። ከተደረደሩት አንዱን ብቻ ይዘሽ አትውጪ፣ ተመሳሳይ ሞዴል ሁለት ሦስት ካለ ሁሉንም ያዢያቸው፣ በዚ ዋጋ ሚሠሩ ቤዞች አንዱ ካንዱ በክብደትም በአንገት ስሜትም ይለያያሉ። እስከዛው ጓደኛሽን ቤዙን ትንሽ ያቆይልሽ እንደሆነ ጠይቂው፣ ለምኚውም ቢሆን፣ ወይ ደግሞ ያገለገለ ጃዝ ቤዝ ራሱ ፈልጊ፣ አዲሱን ስኳየር ስለወደድሽ ያገለገለውን ስኳየር ማየት ማን ከለከለሽ?

ቀለሙን በተመለከተ አልስቅብሽም፣ ያማረ ቤዝ ሰው ብዙ ጊዜ ያነሳዋል፣ ብዙ ጊዜ ያነሳው ሰው ደግሞ ይለምዳል። ሁለቱ በሁሉም ነገር እኩል ከሆኑብሽ በቀለም ምረጪ፣ ግን አሁን እኩል አይደሉም፣ አንዱ ኬብል እንኳን አያስገዛሽም። ያማሃውን አይተሽ ከመጣሽ በኋላ አንገቱ እንዴት እንደነበር ጻፊልኝ፣ ፎቶ ካነሳሽ ከጫፍ ወደ ታች ሚያሳየውን አንሺ፣ ፊት ለፊት የተነሳውን ሻጩም ልኮልሻል።